የአያቴ ምላስ

አባቴ አያቴን ጎተራ ውስጥ ሲዘጋበት በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አልነገረኝም። ከቤታችን ጀርባ፣ ከአሳማዎቹ በረት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀርከሃ የተሠራች የበቆሎ ጎተራ ነበረችን። በጋው ስለገፋ በቆሎው አልቆ ባዶዋን ቆማለች። አያቴ ጎንበስ ብሎ ገባ። አባቴ በሩን ገፋ አደረገና ከውጭ በኩል ወፍራም መቀርቀሪያ አሻገረበት፤ ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቴ የአሳማ ቅቅል የምታማስልበትን እንጨት ይዛ ታያቸው ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴን አኮረፍኩት።

የእኔ ኩርፊያ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሲጠራኝ አልሰማም፣ ሩዝ ሲሰጠኝ ፊቴን አዞራለሁ፣ ርቦኝ ሆዴ ሲጮህ እንኳ እሱ ከገበታው ካልተነሳ አልቀርብም። ዛሬም ባሌን ብትጠይቁት ይመሰክራል። አባቴ ለምን እንደዘጋበት የሚነግረኝ ባይኖርም እኔ ግን አውቄዋለሁ ብዬ ነበር። ቡናው ስለደረቀ ነው። ቡናው የደረቀው ደግሞ አያቴ በመረጠው መሬት ላይ ስለተተከለ ነው።

የአያቴ ስም ናው ቾ ይባላል። በእኛ ተራራ ላይ ናው ቾ ሳይቀምሰው የታረሰ መሬት አልነበረም። አፈሩን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ያደርገዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አገጩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ እንትፍ ይላል። አንገቱን ከነቀነቀ ሰዎቹ ያንን ጫካ መንጥረው ያቃጥሉና ይዘሩበታል። የምንዘራው የኦፒየም አበባ ነበር፤ እኛ የተራራ ሰዎች፣ ህሞንጎች፣ ያንን አበባ እናውቀዋለን፣ አበባውም የኖራ ድንጋይ የሟሟበት ጣፋጭ አፈር እንደሚወድ እናውቃለን። አያቴ አፈሩን ቀምሶ ፊቱን ካጨማደደ መሬቱ ጎምዛዛ ነው፣ ማንም አይነካውም። ጎምዛዛ አፈር እኛ ቤት ስድብም ነበር። ስጨቀጭቃት እናቴ «አንቺ ጎምዛዛ አፈር፣ ምንም አይበቅልብሽም» ትለኝ ነበር።

ሁለት ተራራ ተሻግረው ፈረስ ይዘውለት የሚመጡ ነበሩ፤ በእግሩ መሄድ አይችልማ። ወጣት ሳለ ጫካ ሲመነጥር ዛፍ ወድቆበት ቀኝ እግሩ ተሰባብሯል። ለዚያ እግሩ ሲል አመሻሹ ላይ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ጋደም ብሎ ፒፓውን ያጨሳል። እኔ አጠገቡ ነበር የምተኛው። ያ ከባድ፣ ጣፋጭ ሽታ የኦፒየም ሽታ መሆኑን አላውቅም ነበር። የአያቴ የራሱ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ቡናውን ያመጣችልን መምህርት ማሊዋን ናት። ከቆላ፣ ከእርሻ ጣቢያው፣ ረጅም የጎማ ቡትስ አድርጋ፣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያሉ ችግኞች በበቅሎ አስጭና መጣች። ታይ ብትሆንም የእኛን ቋንቋ እየተንገዳገደችም ቢሆን ትናገራለች፤ እኛ ልጆቹ እንስቅባታለን፣ እሷም አብራን ትስቃለች። ወንዶቹን ሰብስባ የነገረቻቸውን በእናቴ ጀርባ ተለጥፌ ሰማሁ። ወታደሮች ከወዲያኛው ተራራ የአበባ ማሳ ገብተው በዱላ እየመቱ አውድመውታል፤ እዚህም መምጣታቸው አይቀርም። እነሱ ሲመጡ መሬታችሁ ላይ ሌላ ነገር ቆሞ ይጠብቃቸው ነው የምትለው። ጎረቤታችን ዛ ኔንግ አንዱን ቅጠል በጥሶ አሸተተ።

«ይበላል?» አላት።

«ይጠጣል እንጂ አይበላም።»

«አሳማ ይበላዋል?»

«አይበላውም።»

«እንግዲያው እኔም አሳማዬም ምን እናድርገው?» አለና መንደሩን በሳቅ ገደለው።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም፤ አባቴ። ስሙ ሹዋ ነው። ተነስቶ ሄዶ የመጀመሪያዋን በቅሎ ልጓም ያዘ። ቡትሷን ወዶ ነው ብዬ ነበር፤ እኔ ወድጄዋለሁና። ለካስ እሱ ለአሥር ዓመት ምንጣፉን ሲያይ ኖሯል። የአባቱን ምንጣፍ፣ የአጎቶቹን ምንጣፍ፣ ቀጥሎ የሚነጠፈው የማን እንደሆነም ማሰቡ አልቀረም። ያን ዓመት አበባ አልዘራም ብሎ ግግም አለ። እናቴ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ሲደክማት ዶማውን አንስታ ተከተለችው።

መሬት መምረጥ ሲመጣ ግን አያቴ ማንንም አላስቀደመም። ማሊዋን ዛፍ ያለበት ብናገኝ፣ ጥቁር አፈር ብናገኝ ብላ ጀምራ ነበር፤ በዕድሜዋ ልጁ የምትሆን ልጅ ናት፣ ሽማግሌ አቋርጣ ልትናገር አልደፈረችም። አያቴ ከገደሉ ሥር ያለውን ማሳችንን ሰጣት። በተራራው ላይ ከእሱ የሚጣፍጥ አፈር የለም። ከልቡ ነው የሰጣት፤ ለእንግዳ ምርጡ ይሰጣል። እኛም ቡናውን እንደ አበባው ተንከባከብነው። ፀሐይ የሚሻማው አንዲት ዛፍ አላስቀረንም፣ ጉቶውን ሳይቀር አቃጠልን፣ ሣር በቀለ ስንባል እየሮጥን ነቀልን። ቡና የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። እኛ ግን የምናውቀው አበባ ነበር።

ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ቀጥሎ ጠርዛቸው አረረ። የጎረቤቶቻችን ማሳ ነጭና ሐምራዊ አበባ ለብሶ ሲወዛወዝ የእኛ ማሳ የደረቀ እንጨት ተተክሎበት ቀረ። ዛ ኔንግ ፈረሱን እየጎተተ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየና «ሹዋ፣ ዘንድሮ ማገዶ ነው እንዴ የተከልከው?» አለ። አባቴ አንዱን የደረቀ ችግኝ ነቀለ። አያቴ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰምቶታል፤ ፊቱ ሲጠቁር አየሁት።

በዚያው ሰሞን ማሊዋን መጣች። እኔ ፌንጣ እያባረርኩ ነበር፤ እሷና አያቴ ከደረቀው ማሳ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አንዳንዱን ሰማሁ፣ አንዳንዱ አመለጠኝ።

«አባባ፣ መሬቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም» አለችው። «ለቡና ከመጠን በላይ ጣፋጭ ሆኖ ነው። ቡና የሚወደው እርስዎ ፊትዎን አጨማደው የሚተዉትን ነው። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

እሷ ቀጠለች። ጣቢያው ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ችግኝ ሊሰጠን ፈቅዷል። እነሱም ከደረቁ እሷን ወደ ሌላ ተራራ ይልኳታል፣ ወደ እኛም ዳግመኛ ማንም አይወጣም፤ የሚቀረን አበባውና ወታደሮቹ ናቸው። አፈር በቆርቆሮ አድርጋ ለምርመራ ቺያንግ ማይ ከተማ ልትልክ ትችላለች፣ መልሱ ግን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው። ተራራው ደግሞ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ጋ ኖራ ነው፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ጥቁር አፈር ነው። «ጎምዛዛውን የሚያገኝልኝ ምላስ እፈልጋለሁ» አለችው። አያቴ በትሩን ተደግፎ ተነሳና እያነከሰ ወደ ቤት ሄደ።

ያን ምሽት ከራት በኋላ አባቴና አያቴ ምድጃው ዳር ሲነጋገሩ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። በመጨረሻ አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «አላደርገውም» አለ። አያቴ «ታደርገዋለህ» አለው። «ገድለኸኝ እንጂ አላደርገውም።» «ታደርገዋለህ አልኩህ።» ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አያቴ አበባውን መልሰህ ዝራ ብሎታል፣ አባቴ እንቢ ብሏል። በማግስቱ ጎተራውን ሲዘጋበት እንቢታው እስከዚህ ድረስ እንደሆነ ገባኝ። የገዛ አባቱን!

ከጎተራው የሚወጣውን ድምፅ መቼም አልረሳውም። መጀመሪያ ማቃሰት ነው። ከዚያ ያስመልሰዋል። ከዚያ ግድግዳውን በእጁ ይመታል። «ሹዋ፣ ልጄ፣ ክፈትልኝ» ይላል፤ ሲያጣ ይሰድበዋል፣ ጆሮ የማይሰማው ስድብ፤ መልሶ ደግሞ እንደ ሕፃን ይለማመጠዋል። አባቴ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ በሩ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል እንጂ ንቅንቅ አይልም። እህል አልቀመሰም። ዓይኑ አብጧል። በደሉ ሕሊናውን እየገረፈው ነው ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ እንቁላልና ሩዝ በሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ እንደ ልማዳችን የአያቴን ነፍስ ጠራች፤ ከሸሸችበት ጫካ ትመለስ፣ ከወደቀችበት ገደል ትነሳ እያለች በዜማ ለመነቻት። እኔ ግን ሆድ ባሰኝ። ነፍሱ ምን አደረገች? በሩን ከፍቶ ማውጣት ነው እንጂ አልኩ፣ ለራሴ።

ያን መቀርቀሪያ ዛሬም ቤቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጎተራዋን አፍርሰን የቡና ማስጫ ስንሠራ ከፍርስራሹ መካከል አገኘሁት፤ ጠንካራ እንጨት ነው፣ ምስጥ አልነካውም። ጥርቡ ወደ ግራ የተኛ ነው። በቤታችን በግራ እጁ የሚጠርብ አያቴ ብቻ ነበር። ይዤው አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ዕድሜ ተጭኖት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በጣቱ ዳሰሰው። «እኔ ቀጭን መቀርቀሪያ ነበር ያዘጋጀሁት» አለኝ። «በእጁ መዘነውና፣ ይሄንንማ እሰብረዋለሁ ብሎ ጣለው። ሄዶ ራሱ ይሄን ጠርቦ አመጣ። ምንም ብልህ፣ ብረግምህም፣ ባለቅስም እንዳታነሳው አለኝ።» ያኔ ነው ያን ምሽት ማን ምን እንቢ እንዳለ የገባኝ። አያቴ ለልጁ የተናዘዘው ነገር ነበር። ፒፓው ምላሱን ከገደለው ብዙ ዘመኑ ነው። ጣፋጩን አፈር በቀለሙ፣ በገደሉ፣ በልማድ ነው የሚያውቀው፤ መቅመሱ ለሰው ዓይን ነው። ጎምዛዛውን ፈልግ ሲባል ግን ልማድ አይረዳውም። ፒፓውን ትቶ ምላሱን መልሶ ማግኘት ነበረበት።

እኔ ያኔ ይሄን ከየት ላውቅ። እኔ የማውቀው ጩኸቱ እየቀነሰ መሄዱን ነው። አንድ ከሰዓት አባቴ ትንሽ ራቅ ብሎ እንጨት ሲፈልጥ ከቀርከሃው ክፍተት «ብሊያ» ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ሄጄ ዓይኔን ክፍተቱ ላይ አስደገፍኩ። አያቴ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።

«ብሊያዬ፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። የሆነ ነገር አምጪና አፌ ውስጥ አድርጊልኝ። ምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪኝ።»

አንጀቴን በላው። ለካ ርቦት ነው፣ አባቴ እህል ከልክሎት ነው። ሮጥ ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። ጨው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ በቅጠል ተቀምጦ አገኘሁና ቆንጥሬ ሰረቅኩ። በክፍተቱ ጣቴን አሾልኬ ምላሱ ላይ አደረግኩለት።

«አሸዋ» አለ።

ሳቄ መጣ። ጨዋታ መስሎኝ። ቀጥሎ ሸንኮራ ሰጠሁት፤ አላመጠና «እንጨት» አለ። ዝንጅብል ስሰጠው «ያቃጥላል፣ ሌላ ምንም የለውም» አለና ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። በሚቀጥሉት ቀናትም እየሄድኩ አበላዋለሁ፣ እሱ እየገመተ ይስታል። አባቴ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ መጥረቢያውን ያነሳል። ያላየ ይመስላል፤ እኔም ጅሉን አባቴን በየቀኑ እያታለልኩት እንደሆነ ኮራሁ።

አንድ ቀን ጨዉን ምላሱ ላይ ሳደርግለት ዓይኑን ከፈተ። «ጨው» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ የጠፋ ሰው ስም እንደሚጠራ። «ብሊያ፣ ጨው ነው አይደል?» አዎ አልኩት። አባቴ መጥረቢያውን እንደያዘ ደርቆ ቆመ። ተያዝኩ ብዬ ልሮጥ ስል እሱ ጭራሽ ወደ ጫካው ሄደ። ምሽቱን አልተመለሰም፤ በማግስቱ ሲመጣ ማድ ቤቱ ውስጥ በታችኛው መደርደሪያ፣ በእኔ ቁመት ልክ፣ ሎሚ የሞላ ቅርጫት ተቀምጧል። እኔ ደስታዬ፤ ሎሚ ሰረቅኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የጠየቅኩት፣ በዚያ በጋ ተራራችን ላይ ሎሚ ከየት መጣ? አባቴ ቆላ ድረስ ወርዶ ነው ያመጣው። እናቴም ጨዉን፣ ሸንኮራውን፣ ዝንጅብሉን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ ከታች የምታደርገው ለእኔ ነበር። ለምን በአዋቂ እጅ አልሰጡትም ብዬ ብጠይቃት፣ «በእኛ ፊት መሳት ያሳፍረዋል፤ ካንቺ ጋር ግን ይጫወታል» አለችኝ።

የሎሚውን ቀን አስታውሳለሁ። ግማሹን ቆርጬ በክፍተቱ አሾልኬ ጨመቅኩለት። ፊቱ ከአገጩ እስከ ግንባሩ ተጨማደደ፣ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እንባው ወረደ። «ጎመዘዘኝ» አለ። «ሹዋ! ጎመዘዘኝ!»

አባቴ መጥቶ መቀርቀሪያውን አነሳው። አያቴ በበሩ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። አያቴ በሁለት እጁ አነሳው፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አየኋቸው። ይቅርታ ጠየቀው፣ እሰይ አልኩ፤ ይበለው። ያን ቀን ኩርፊያዬን ፈታሁ፣ ከገዛ አባቴ ጋር ሩዝ በላሁ። እሱም ስለ ኩርፊያዬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ደመናው መክበድ ሲጀምር አያቴን ፈረስ ላይ አስቀመጡት። ማሊዋን ባዶ ቆርቆሮዎቿን በጆንያ ይዛለች፣ አባቴ ፈረሱን ይስባል፣ እኔ ከኋላ ነኝ፤ ከእኔ ኋላ ደግሞ ሥራ የፈታው መንደር ሁሉ። የሄድነው በሁለቱ ተራሮች መካከል ወዳለው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው፤ አያቴ ራሱ በወጣትነቱ ጎምዛዛ ነው ብሎ ያስተወው ጫካ። ከፈረስ አወረዱት። ከዛፍ ሥር ቆንጥሮ ቀመሰ። «ይሄ ይጣፍጣል» አለና ተፋው። ሌላ ጋ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደና ፈገግ አለ፣ «እዚህ ጋ ትከሉ።» ሲጣፍጠው ይቆጣል፣ ሲጎመዝዘው ይስቃል። ዛ ኔንግ «ሽማግሌውን ጎተራው ውስጥ አበላሽተውታል» አለ፤ ሰው ሁሉ አሽካካ። አያቴ ሰምቶታል። ዞር ብሎ የጎመዘዘውን አፈር ቆንጥሮ ዘረጋለት። «ና ቅመስ፣ ለምላስህ መድኃኒት ነው» አለው። ዛ ኔንግ ወደ ኋላ ሸሸ።

አያቴ በመረጠበት ሁሉ አባቴ እንጨት ይተክላል፣ ማሊዋን ከሥሩ አፈር ቆርቆሮ ውስጥ ትጨምራለች። ዛፎቹን ሳንነካ በመካከላቸው ተከልን። አያቴ ያንን ሁሉ ጥላ ሲያይ እጁ መጥረቢያ ይፈልግ ነበር፤ ማሊዋን እየሳቀች «አባባ፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ» ትለዋለች። የከተማው መልስ ሲመጣ ችግኞቹ ቅጠል አውጥተው ነበር። ማሊዋን መልሱን ከምልክቶቻችን ጋር አስተያየችው። አያቴ ልክ ነበር፤ ከወንዙ በኩል ካለችው ጥግ በቀር። እዚያ ተሳስቷል። የዚያች ጥግ ቡናዎች እስከ ዛሬ ድንክ ናቸው። አያቴ ግን እስኪሞት ድረስ ስህተቱ የዛፎቹ ነው እያለ ሲያልፍ ሲያገድም ይገስጻቸው ነበር።

በጋው መጣ። ሁላችንም የምንፈራው እሱን ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ማንንም ሳያስከትል ወርዶ ቅጠል ያያል፤ ሲመለስ እናቴ ፊቱን ታያለች። ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ በጋውን ተሻገረ።

ቡና ግን በአንድ ዓመት አያፈራም፤ አበባ የለመደ ሰው ይሄን መልመድ ይከብደዋል። እስኪያፈራ ድረስ በቆሎና ባቄላ በላን፣ አሳማዎቹን አንድ በአንድ ሸጥን፣ አባቴ ለጣቢያው መንገድ ሊጠርግ በቀን ሥራ ገባ። አያቴን ደግሞ እግሩ ይገድለው ነበር። ብርድ ሲገባ ጨርቅ ነክሶ ይቀመጣል። እኔ የሞቀ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልዬ ጉልበቱ ላይ አደርግለታለሁ፤ ድንጋይ የሚወድ ሽማግሌ ነው ብዬ እስቅበታለሁ። ጓደኞቹ እየመጡ ይመክሩታል፤ ሥራህን ጨርሰሃል፣ መሬቱን መርጠሃል፣ ከእንግዲህ ምላስህ ምን ያደርግልሃል፣ ፒፓህን ትንሽ ሳብ አድርግና እግርህን አሳርፈው ይሉታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ገና አላፈራም። ተሳስቼ ከሆነ እንደገና የሚቀምሰው ማን ነው?»

በሦስተኛው ዓመት ብርድ ሲገባ ፍሬዎቹ ቀሉ። አባቴ አያቴን አዝሎት ወረደ፤ ፈረሱን ሸጠነው ነበር። መንደሩም መጣ። አያቴ ከአንዱ ቅርንጫፍ አንዲት ቀይ ፍሬ ቀጠፈና አፉ ውስጥ አደረጋት። እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ፣ አገጩን አንቀሳቀሰ። ማሊዋን እጇን አፏ ላይ ጭናለች። አባቴ የሚያየው የአባቱን አፍ ብቻ ነው።

«ጣፋጭ ነች» አለ አያቴ። ገርሞት ነው ያለው። «ከዚህ ጎምዛዛ አፈር ወጥታ ጣፋጭ ነች።»

ከውስጧ የወጡትን ሁለት ዘሮች መዳፉ ላይ ተፋና ለእኔ ሰጠኝ። ዛ ኔንግም አንዷን ቀጥፎ መጠመጠ፣ ወደ ማሊዋን ጠጋ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቺ ነገር፣ ችግኟ ተርፎሻል ወይ?» አላት። በዚያ ቀን እሱን ለመሳደብ እናቴ ያልተጠቀመችበት ቃል የለም፤ እሱም እየሳቀ ሁሉንም ተቀበለ።

አመሻሹ ላይ አባቴ ከጃኬቱ ውስጥ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር አወጣ። አያቴ ፊት ተንበርክኮ በሁለት እጁ አቀረበለት። «አባቴ፣ በቃ» አለው። «አፍርቷል። አሁን እግርህን አሳርፈው።»

አያቴ ቅጠሉን ገለጠ። ጥቁር ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አሸተተው። እኔ ስኳር ነው ብዬ ምራቄን እየዋጥኩ እጄን ዘረጋሁ። አያቴ ቅጠሉን መልሶ ጠቀለለና በአባቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት።

«የላይኛው ተረተር ገና አልተተከለም» አለ። «ዛ ኔንግም መሬት ምረጥልኝ ብሎኛል። ምላሴን እፈልገዋለሁ።»

አባቴ ጥቅልሏን ምድጃው ውስጥ ወረወራት። እኔ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት፤ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳያቀምሱኝ ያንን የመሰለ ስኳር አቃጠሉት! እነሱ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እናቴ ብቻ የአያቴን እግር አይታ ወደ ደጅ ወጣች። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የድሮው የአያቴ ሽታ ነበር። ተመልሶ መጣ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጭሱ ጠፋ።

የላይኛውን ተረተር ቀምሶ መረጠልን። የዛ ኔንግንም መረጠለት። ከእነሱ ፍሬ ሳያይ ሞተ፤ ሲሞት ጨርቁን ነክሶ ነበር፣ ፒፓ አልነካም። ተረተሩ ባፈራ ጊዜ እኔ የታጨሁ ልጅ ነበርኩ። አባቴ የመጀመሪያዋን ቀይ ፍሬ ቀጥፎ ይበላታል ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ዘረጋት።

«እኔ ልስት እችላለሁ፤ የእሱን ምላስ የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለኝ። «ቅመሺና ንገሪኝ።»